ከምሳ በፊት የተፈጠሩ ስድስት ሰዎች

ይህ ወሬ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ከዋሸሁ የዘጌ ጦጣዎች ጉባኤ ተቀምጠው ይፍረዱብኝ፤ ከዋሸሁ ጣና ላይ የጣልሁት መረብ ሁሉ አሮጌ ጫማ ብቻ ይዞ ይውጣልኝ። የሰማው ሁሉ «አይሆንም» ይላል። ሆኗል።

ገድሉን ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ቀበሌው በር ላይ፣ ጎኑ በተቀደደ ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ ይጽፋል። በልጅነቱ ከደሴቶቹ ገዳማት በአንዱ ብራና ይጽፍ፣ ለመምህሩ መጽሐፍ ይገለብጥ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን «መምህራችን ሁለት መቶ አርባ ዓመታቸው ነው» ብሎ ለተሳላሚ ቢያወራ፣ ሕዝቡ በጀልባ እየጎረፈ የሽማግሌውን እግር ሊስም ተሰለፈ። ገድሉ ተባረረ። ትምህርቱ ከመንገድ ቀረ፤ የእጁ ጽሕፈትና ምላሱ ግን አብረውት ባሕር ዳር ገቡ። የውኃ ቆጣሪዋ ለተበላሸባት አንዲት ሴት የጻፈላት ማመልከቻ ሲነበብ ሊቀመንበሩ አልቅሰው፣ ጸሐፊዋ አልቅሳ፣ ዘበኛው በሩን ዘግቶ አልቅሷል።

ሌላው ሙያው ዘር መቁጠር ነበር። በእኛ ዘንድ ልጅና ልጅ ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባት አንድ፣ አያት ሁለት፣ ቅድመ አያት ሦስት እየተባለ ሁለቱም ወገን ወደ ላይ ይወጣል። ሰባት ሳይሞላ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ቀረ። ገድሉ የማን ቅድመ አያት ከማን ጋር እንደሚገናኝ ከራሱ ኪስ ይልቅ ያውቃል፤ እሱ «ሞልቷል» ካለ ሞልቷል።

አደይ አንድ ልጁ ናት። ልጅቷ ገና ሳትጠና እናቷ ስለሞተች ፀጉሯን እየሠራ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሹሩባዋ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብል ነበር። ይህች ልጅ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ግሩም የሚባል ወጣት ወደደች። የግሩም አባት ገብረ ኪዳን የጎርጎራ ሰው ነው፤ ሲቀመጥም ሲነሣም ስለ ዘሩ የሚያወራ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ። የቆጠራው ቀን ሲቃረብ ገድሉ ለራሱ በልቡ ቆጠረ። ቆጥሮም ደነገጠ። ሁለቱም ወገን አራተኛ ቤት ላይ አንዲት ሴት ዘንድ ይደርሳሉ፤ ፅጌ ማርያም የምትባል የጎርጎራ ሴት። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ፅጌ ማርያም።

«አባባ፣» አለችው አደይ በዚያው ሳምንት፣ «ነገሩ ቢቀር እኔ ሰው ሆኜ የምተርፍ እንዳይመስልዎ።»

የቆጠራው ዕለት ገብረ ኪዳን ከራሱ ጀምሮ አባቱን፣ አያቱን ጠርቶ አራተኛው ላይ «ፅጌ ማርያም!» ሲል ገድሉ እጁን አነሣ።

«ኧረ ይቆዩኝ አቶ ገብረ ኪዳን! ሦስት ሰው ዘለሉ እኮ!»

«እንዴት አድርጎ ነው ሦስት ሰው የሚዘለለው?»

«ከእርስዎ አያትና ከፅጌ ማርያም መካከል ያሉትን ነዋ። ግራዝማች አለበልን ረሷቸው? ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር በጉማሬ ጀርባ የተሻገሩትን?»

 ቅድመ አያትህ በጉማሬ ጀርባ ጣናን ተሻግሯል ሲሉት «የለም፣ አልተሻገረም» የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም። ገብረ ኪዳን ጢሙን ዳበሰ። «ስማቸውን ሳልሰማ አልቀርም» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ ቀላል ነበር። ሦስት ለገብረ ኪዳን፣ ሦስት ለራሱ ወገን፤ አንዱን ባሕታዊ አደረገው፣ አንዱን ባለ ስድስት ጣት፣ አንዱን ንብ የማይነድፈው። ሰባት ቤት ሞላ፣ እልልታው ቀለጠ። እግዚአብሔር ሰውን ለመፍጠር እስከ ስድስተኛው ቀን ቆይቷል፤ ገድሉ ስድስት ሰው ፈጥሮ ለምሳ ደረሰ። ያን ቀን ሲበላም በሳቅ እየታነቀ ነበር።

አደይና ግሩም ተጋብተው መቅደላዊት ተወለደች። ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ገድሉ በዓለም ላይ እንደሱ ደስ ያለው አያት አልነበረም። አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር እየተንሸራሸሩ ሳለ ልጅቷ ዳር ላይ ከተደገፈች ታንኳ ጋር በግንባሯ ተላተመች። ተነሥታ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ቆመች።

«አያዬ፣ መብራት ጠፋ» አለች።

ሰማዩ ገና ቀይ ነበር። ውኃው ላይ ያሉት ይብራዎች ከነምንቃራቸው ጥርት ብለው ይታዩ ነበር። ገድሉ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ የሚቀልደው ነገር ጠፋው።

ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ባለሙያው «ዳፍንት ነው» አለ። ሲመሽ ዓይን የሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ ከምግብ እጥረት የሚመጣ ነገር መሆኑን ነገራቸው። ካርዱን እየሞላ ሳለም ቀና ብሎ፣ «ለመሆኑ እናትና አባቷ ዝምድና አላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አደይ። «ሰባት ቤት የሞላን ነን። አባቴ ናቸው የቆጠሩት፣ ይኸው።»

ባለሙያው ወደ ገድሉ ዞረ። ገድሉ አፉን ከፈተ። አደይ በኩራት ታየዋለች። አፉን ዘጋና «እንዳለችው ነው» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ባለሙያው ካርዱ ላይ «ዝምድና የለም» ብሎ ጻፈ፤ የቫይታሚን እንክብል አዘዘ፣ ካሮትና ጎመን ስጧት አለ። መቅደላዊት ጥንቸል የሚያሳፍር ካሮት በላች። የካሮቱ ብዛት መዳፏን ቢጫ አደረገው እንጂ ሲመሽ ያው ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው። ዓመቱ ሲገባደድ ቀንም ቢሆን ከጎን የሚመጣውን ባጃጅ አታይም። ትሪው መካከል ያለውን ወጥ ታያለች፤ ዳሩ የለም። ወረቀት ጠቅልለህ በቀዳዳው እንደምታይ ማለት ነው።

ጥያቄው ገድሉ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ቀርቶ ነበር። ያ ሰው የልጅን ዓይን እያየ ስለ ዝምድና ለምን ጠየቀ? አደይ ደግሞ «መቅደላዊት ብቻዋን ናት፣ ወንድም ያስፈልጋታል» ማለት ጀምራለች። ይህን ሲሰማ ገድሉ ዣንጥላውን አጥፎ የዓይን ሐኪም ፍለጋ ሄደ።

ዶክተር ፀሐይወርቅ ከሐዋሳ መጥታ እዚህ የምትሠራ ወጣት ናት። ገድሉ ጉዳዩን ለአንድ ለሚያውቀው ሰው እንደሚጠይቅ ነገራት። ሐኪሟ ፊቱን አየችና «እሺ፣ ለዚያ ሰው ይነግሩታል» አለች።

«አባቴ፣ የሰው ገላ ከጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ገላው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ትእዛዝ አለ። ዘረመል የምንለው እሱን ነው። ፀጉር እንዲህ ይሁን፣ ዓይን ብርሃን እንዲህ ይቀበል የሚል።»

«ተጽፎ ነው?»

«እንደ ተጻፈ ይቁጠሩት።»

«ብራና እጽፍ ነበር» አለ ገድሉ፣ የሚያውቀው ሰው መሆኑን ረስቶ። «በመጽሐፍ አድርገሽ ንገሪኝ።»

ሐኪሟ ወንበሯን ወደሱ ሳበች። «መልካም። እያንዳንዱ ሰው አንዱን መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ይዞ ነው የሚወለደው። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። እናትም የራሷ ሁለት ቅጂ አላት፤ ለልጇ ግን አንዱን ብቻ ነው የምታወርሰው። የትኛውን እንደሆነ ዕጣ ነው። አባትም እንዲሁ።»

«ከሁለቱ ቅጂ አንዱ ግድፈት ቢኖርበትስ? ቃል የዘለለ ቢሆን?»

«ለብዙ ዓይነት ግድፈት ሁለተኛው ይሸፍናል። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ግድፈት መሸከሙንም ሳያውቅ ይሞታል። ለልጁ ግን ሊያወርሰው ይችላል። ችግር የሚመጣው ልጁ ከእናቱም ከአባቱም የወረሳቸው ቅጂዎች ግድፈት እዚያው ቦታ ላይ ሲሆን ነው። የሚሸፍን የለም።»

ገድሉ ይህን ለመረዳት ሌላ ቃል አላስፈለገውም። አንድ ጸሐፊ ደክሞት መስመር ሲዘል፣ ከሱ የገለበጠው ሁሉ ያንኑ መስመር እየዘለለ መቶ ዓመት ይሄዳል። ስንት ጊዜ በዓይኑ አይቷል። ሁለት ገዳም ያለ መጽሐፍ አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ከጎደለው፣ ከአንድ እናት መጽሐፍ ለመቀዳታቸው ምስክር አያሻም።

«ዘመዳሞች…» አለ። 

«አዎ። ባዕድ ከባዕድ ሲጋባ ብዙውን ጊዜ የአንዱ ግድፈት አንድ ገጽ ላይ፣ የሌላው ሌላ ገጽ ላይ ነው። ዘመዳሞች ግን ያንኑ ግድፈት ከአንድ አያት ወርሰውት ሊሆን ይችላል። ዝምድናው እየራቀ ሲሄድ ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል።»

«አራተኛ ቤት?»

«አራተኛ ቤት ብዙ ሰው ምንም ሳይደርስበት ይወልዳል። ዘመድ ሳይሆኑም የሚደርስባቸው አሉ። በምርመራ ሳይረጋገጥ እንዲህ ነው አልልም። ግን ለዚያ ሰው ልጅ፣ ከነገሩኝ ምልክት ጋር፣ በውርስ መሆኑን በጣም እጠረጥራለሁ። ያ ከሆነ ካሮት አይመልሰውም።»

ገድሉ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ እንድትስልለት ለመናት። አራት ሣጥን ሳለችለት፤ አንድ ሣጥን ለአንድ ልጅ። አንደኛው ልጅ ሁለቱም ቅጂ ደህና፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ደህና አንድ ግድፈት፣ ዓይናቸው ጤነኛ፤ አራተኛው ሁለቱም ግድፈት። ከአራት አንድ።

የገድሉ ፊት ፈካ። «እንግዲያማ አንዱ ደርሷል! የቀሩት ሦስቱ ነጻ ናቸው ማለት ነው!»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም አባቴ። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው ከአዲስ ነው የሚወጣው። ትናንት የወጣውን አያስታውስም። ሁለተኛውም ከአራት አንድ ነው፣ አሥረኛውም ከአራት አንድ ነው።» ቀጥላም፣ «እናትና አባቷን ይዘዋቸው ይምጡ። ሌላ ልጅ ከመውለዳቸው በፊት ማወቅ መብታቸው ነው» አለችው።

ገድሉ ከሐኪም ቤት ሲወጣ አስፋልቱን ሳያይ ተሻገረ። ሦስት ባጃጆች ሰደቡት። 

አሁን ነገሩ አንድ ብቻ ነበር፤ አደይ ሳትፀንስ እውነቱን መንገር። ሆኖም አፍሮ አንድ ወር አሳለፈ፣ ሁለት ወር አሳለፈ። በየማለዳው «ዛሬ» ይልና አመሻሹ ላይ የአደይን ፊት ሲያይ ለነገ ያሳድረዋል። በመጨረሻ የመረጠው ቀን ከቀን ሁሉ የከፋው ሆነ።

ገብረ ኪዳን ለቅድመ አያቱ ለግራዝማች አለበል በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ዝክር ማዘከር ከጀመረ ቆይቷል። ዝክሩ ከተማው ዳር ሰባታሚት፣ የግሩምና የአደይ አዲሱ ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ ገብረ ኪዳን ያሣለው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ግራዝማች ጋሻ ይዘው በጉማሬ ላይ፣ ጉማሬው ኮርቻ ተጭኖለት። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ሲቆረስ ገድሉ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ስሙኝ። አለበል የሚባል ሰው አልነበረም። የፈጠርሁት እኔ ነኝ። ስድስቱንም የፈጠርሁ እኔ ነኝ። አደይና ግሩም አራተኛ ቤት ዘመድ ናቸው።»

 ከዚያ ገብረ ኪዳን በሳቅ ፈነዳ። «ይበሉ፣ ይቀጥሉልን እስቲ! ጉማሬውንስ ማን ፈጠረው?»

«አልቀልድም! በልጄ ይዤአችኋለሁ! የመቅደላዊትን ዓይን የያዘው ይህ ነው። ሐኪም ጠይቄያለሁ። መጽሐፉ ላይ ግድፈት አለ፣ ሁለቱም ላይ፣ አንዱ ቦታ ላይ!»

«አባባ፣» አለች አደይ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «ባለፈው ሳምንት አንድ ቀረሶ ዓሣ ማመልከቻ አጻፈኝ ብለው አልነበር?»

ገድሉ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ጢሙ ላይ ወርዶ ዳቦው ላይ ጠብ አለ። ግሩም ጭኑን እየመታ፣ «ወይ እንባ! ቴአትር ቤት መግባት የነበረባቸው ሰው!» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

የገብረ ኪዳን ፊት ግን ጠቆረ። «ቀልድም ወሰን አለው፣ ገድሉ። የግራዝማችን መቃብር በዓይኔ አይቻለሁ። ጎርጎራ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የጉማሬ ምስል አለበት።»

ገድሉ አተኩሮ አየው። ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ የኖረ ሰው የሚዋሽ ሰው ሲያይ ያውቃል፤ ገብረ ኪዳን አይዋሽም። አንድ ድንጋይ አይቷል። ገድሉ የፈጠረው ሰው ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ድንጋይ ቆሞለታል። እውነት የምትገባበት ቀዳዳ አልተረፈም።

አደይ ክንዱን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። አሁን አትስቅም። «አባባ፣ የመቅደላዊት ነገር አስጨንቆዎት ነው፤ ይገባኛል። አይዞዎት። እንዲያውም ልነግርዎ ነበር፤ ሦስት ወር ሆነኝ።» እጁን ወስዳ ሆዷ ላይ አኖረችው። «ወንድ ከሆነ አለበል ነው የምንለው።»

ገድሉ ከዚያ በኋላ ያላደረገው የለም። አራቱን ሣጥን ወሰደላት፤ «ይህን ማን ሳለልዎ?» ብላ መቅደላዊት ቀለም እንድትቀባው ሰጠቻት። «ሐኪሟ ዘንድ እንሂድ» ሲላት የጤና ጣቢያውን ካርድ አወጣችለት፤ «ዝምድና የለም» ይላል፣ በማኅተም። በመጨረሻ ማመልከቻ ጻፈላት። ከጻፈው ሁሉ የበለጠ፣ ከመጀመሪያ ፊደሉ እስከ መጨረሻው እውነት የሆነ ብቸኛው። አደይ አንብባ ስትጨርስ «እንዴት ያምራል!» አለች። ማንም አላለቀሰም።

ወንድ ተወለደ፤ አለበል ተባለ። ከአራት ሦስቱ ደህና ነው፤ ገድሉ በዚህ በሦስቱ ተንጠልጥሎ ከአራት ዓመት በላይ ኖረ። በየአመሻሹ ሰባታሚት እየሄደ ለልጁ ብርቱካን ያንከባልልለታል። ልጁ ሮጦ ሲያነሣው ገድሉ ሦስት ጊዜ ያማትባል። አንዳንድ ቀን ሲስተው «ሣሩ ረዝሞ ነው» ይላል። ሣሩን በእጁ ነጨው። መቅደላዊት በዚህ መካከል አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ክፍል ውስጥ ፊት ተቀምጣ አንድ ፊደል ታያለች፣ ቃሉን ግን ለመጨረስ ራሷን ማዞር አለባት።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ አመሻሽ፣ አለበል ከጓሮ ወደ ቤት እየገባ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጁ በሩ ፊት ቆመና ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በሩን መፈለግ ጀመረ። ይህን ያየችው አደይ ናት እንጂ ገድሉ አይደለም።

በማግሥቱ ቀበሌው በር ላይ፣ ዣንጥላው ሥር መጣች። ልጁን በእጇ ይዛለች። ማመልከቻ ለማስጻፍ የተሰለፈውን ሰው አልፋ ፊቱ ቆመች።

«ስንተኛ ቤት ነን?»

«አራተኛ።»

«በእኔ ይማሉ።»

«በአንቺ። አራተኛ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ስለፈለግሁት ነው ያደረጉት?»

ለአንድ ጊዜ «አዎ» ቢላት የራሱ ሸክም በቀለለው። ግን እውነት መናገር ለምዶበታል፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ። «ግማሹ ላንቺ ነው» አለ። «ግማሹ ገብረ ኪዳን ይውጠው እንደሆነ ለማየት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ስስቅ ነው የዋልሁት።»

አደይ  የአለበልን እጅ ይዛ ዞረች። ልጁ ከጎኑ ያለውን አግዳሚ ወንበር አላየውምና ጉልበቱን መታው፤ አላለቀሰም፣ ለምዶታል። አሥር እርምጃ ያህል ሄዱ። ከዚያ አደይ ቆመች፤ ተመለሰችም። የሽማግሌውን ኮሌታ አስተካከለችለትና፣ «አባባ፣ ነፋስ ነው፤ ወደ ቤት ይግቡ» ብላው ሄደች።

እንግዲህ እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፤ ጉማሬውም ኮርቻውም፣ የሐኪሟ አራት ሣጥንም፣ ሁሉም እንዳልሁት ነው። የጨመርሁት አንዲት ነገር ብቻ ናት። አሥር እርምጃ ከሄደች በኋላ አደይ አልቆመችም። ገድሉም እስኪመሽ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ኮሌታውን ማንም አልነካውም።